ነርስነት በክልል ሪፈራል ሆስፒታል

የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ሦስት እርከን አለው። ታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ። መሃል ላይ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ። ከላይ ደግሞ እንደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወይም እንደ ጎንደሩ ያሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ናቸው። በአሠራሩ መሠረት የዚህ እርከን ሆስፒታል አንዱ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። ታች ያልተቻለ ሁሉ ሪፈር ተጽፎለት እዚህ ይመጣል፤ ሪፈር ሳይጻፍለት የሚመጣውም ጥቂት አይደለም።

ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ዞሮ፣ ትእዛዝ ጽፎ ወደ ቀዶ ጥገና ወይም ወደ ተመላላሽ ክፍል ይሄዳል። አልጋው አጠገብ የሚቀረው ነርስ ነው። ሙቀትና የደም ግፊት መለካት፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ መርፌ በሰዓቱ መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ሁሉንም ቻርት ላይ መጻፍ የነርስ ድርሻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ማግኒዥየም የተሰጣት እናት ትንፋሿ፣ ሽንቷና ጉልበቷ ሲመታ የሚሰጠው ምላሽ በየጊዜው መታየት አለበት። ካልታየ መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በተረኞች መካከል የሚደረገው ርክክብ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም።

ሥራው ላይ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ግን ትምህርት ቤት ብዙም የማይነገርለት ነገር ነው፤ አስታማሚ። በእኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው ቤተሰቡ ነው። ናሙና ላቦራቶሪ ያደርሳል። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የታጣ መድኃኒትም ውጪ ፈልጎ ይገዛል። አስታማሚ ባይኖር የብዙ ዋርድ ሥራ ይቆማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያው አስታማሚ ግን ራስ ምታትም ነው። ለኦፕራሲዮን ባዶ ሆዱን እንዲያድር የተነገረውን ሰው «እንዴት ጦሙን ያድራል» ብሎ በድብቅ አጥሚት ያጠጣዋል፤ በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ይተላለፋል። የሚንጠባጠበው ግሉኮስ ዘገየ ብሎ የሚከፍተው አለ። ኦክስጅን ከተጨመረ ይሻላል ብሎ መቆጣጠሪያውን የሚያሽከረክረውም አለ። ልምድ ያላት ሲስተር ገና በመጀመሪያው ቀን ከቤተሰቡ መካከል ረጋ ያለውን ትለያለች፤ ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ ለእሱ ታስረዳለች። መቆጣትም ያለ ነው፤ ከስድስት ሰው ጋር መጨቃጨቅ ግን ሌሊቱን ይበላል። (ወንዱ ነርስ በበኩሉ ወደደም ጠላም «ዶክተር» መባሉ አይቀርም።)

የጸበል ጉዳይም አለ። ሕክምናውን አቋርጠን ጸበል እንውሰደው የሚል ቤተሰብ ሲመጣ ፊት ለፊት መከራከር አያዋጣም። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ መንገር ይሻላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር መወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸው እዚህ ላይ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ቋንቋም ይጨመራል። ከአዊ አገውኛ፣ ከመተከል ጉሙዝኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች ይመጣሉ። አስተርጓሚው አብሮ የመጣው ዘመድ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ስለ ማሕፀኗ ሕመም በአማቷ አፍ አታወራም።

ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድም ያስፈልጋል። ደመወዙ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይመጣጠንም። ብዙው ነርስ ኑሮውን የሚደጉመው በዱቲ፣ ማለትም በማታና በበዓል ትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፤ እሱም ሲዘገይ ይታያል። በግንቦት 2011ም ሆነ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ለተቃውሞ ሲወጡ የክፍያ ጥያቄ ከዋናዎቹ አንዱ ነበር።

በዚህ የተነሳ የሚችል ይሄዳል፤ ወደ ግል ሆስፒታል፣ ወደ መያድ (መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት)፣ ወደ ዓረብ አገር። አሜሪካ የደረሰው ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና እስኪያልፍ ብዙ ጊዜ በረዳትነት ይሠራል። እዚያ አስታማሚ አልጋ ሥር አያድርም። በሽተኛውን ማጠብ፣ ማብላትና ማገላበጥ፣ አገር ቤት ለዘመድ የተተወው ሁሉ፣ እዚያ የደመወዝ ሥራው ይሆናል።