ፓተንት ምንድን ነው? ሀሳብስ ፓተንት ይወጣለታል?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ወጣት ፈጣሪዎችን ሲመክር ሰማሁት። «ሀሳባችሁን ለማንም እንዳትነግሩ። መጀመሪያ ፓተንት አስደርጉት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካችሁም» አለ። ስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ ምክሩ ግን ሰው ያደኸያል። ሥራዬ እዚህ አዳማ ለቴክኒክ ሰዎች የፓተንት ማመልከቻ መጻፍ ነው። ይህን ምክር ይዘው የሚመጡትን የማስተናግደው እኔ ነኝ። ወንበር ስበው ይቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ሀሳብ አለኝ» ይላሉ። ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጭጭ።

ፓተንት ማለት ፈጠራችሁን ሌላ ሰው እንዳይሠራው ለተወሰነ ጊዜ የምትከለክሉበት መብት ነው። ለሀሳብ ፓተንት አይሰጥም። የትም አገር አይሰጥም።

«ሽንኩርት በመጠን በመጠኑ የሚለይ ማሽን» ሀሳብ ነው። ከወንጂ እስከ መቂ ሽንኩርት ያለማ ገበሬ ሁሉ ተመኝቶታል። ፈጠራ የሚጀምረው «እንዴት አድርጎ?» ሲባል ነው። ሁለት ሮለሮች ጎን ለጎን ይሽከረከራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ ትንሹ ሽንኩርት ቀድሞ ይወድቃል፣ ትልቁ መጨረሻ ላይ። ይሄ ዱሮ የታወቀ ነው። ግን አንድ ልጅ ማሽኑን ሳያቆም፣ ሽንኩርቱን ሳይልጥ፣ በብስክሌት ሰንሰለት ክፍተቱን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዘዴ ቢያወጣ፣ እሷ ነገር ፈጠራ ልትሆን ትችላለች። እሷ ብቻ እንጂ ማሽኑ በሙሉ አይደለም።

ፓተንት የሚወጣለት ፈጠራ አዲስ መሆን አለበት፣ ለሙያው ሰው እንዲሁ የማይገለጥ መሆን አለበት፣ በኢንዱስትሪ የሚሠራበት መሆን አለበት። ይሄን ሁሉም ሰው ስለሚያነበንበው አልቆይበትም። እኔን የሚያበግነኝ «ማንም አይነካችሁም» የሚለው ነው።

ፓተንትን እንደ ሊዝ መሬት አስቡት። ካርታ አለው፣ ችካል አለው። ከችካሉ ውስጥ የገባውን «ውጣልኝ» ትሉታላችሁ፤ ከውጭ የቆመውን ምንም አትሉትም። የፓተንት ችካል ደግሞ ማመልከቻው ውስጥ የመብት ጥያቄ የሚባለው ክፍል ነው። ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ግን ሥዕሉን ያሳምራል፣ መግቢያው ላይ ስለ አገር ዕድገት ገጽ ይፈጃል፣ እዚህ ሲደርስ በአንድ መስመር ይገላገላል። ልጃችን «በብስክሌት ሰንሰለት የሚስተካከል» ብሎ ጻፈ እንበል። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሰንሰለቱን አውጥቶ ቺንጋ ያስገባል። ያው ማሽን ነው፤ የሚሠራውም ያንኑ ነው። ግን ከችካሉ ውጭ ቆሟል። (አንዳንድ አገር ያሉ ፍርድ ቤቶች «ቺንጋውም ያው ነው» ብለው ወደ ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። ያ ራሱን የቻለ ሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ ብር ነው።) በስስት «ክፍተትን የሚያስተካክል ማናቸውም ዘዴ» ብላችሁ ብትጽፉስ? ችካላችሁ ሌሎች ሲኖሩበት በቆየ መሬት ላይ ያርፋል፤ ማመልከቻውን የሚያየው የፓተንት መርማሪ ይነቅለዋል።

ሊዝ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጊዜ አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ፓተንትን ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሊጨመር ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ ካልተከፈለ መብቱ ይቀራል። ዘበኛም አብሮ አይሰጥም። ማን ገብቶ እንደሠራ መከታተል፣ ጠበቃ መያዝ፣ ፍርድ ቤት መመላለስ የባለቤቱ ዕዳ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌዬ ይከዳኛል። መሬት የሚሰጣችሁ እንድትሠሩበት ነው። ፓተንት የመሥራት ፈቃድ አይደለም፤ ሌላውን የመከልከል መብት ነው። የራሳችሁን ፈጠራ ልትሠሩ ስትሉ የሌላ ሰው ፓተንት መንገድ ሊዘጋባችሁ ይችላል። የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋት ራሱ አልዳነም። በ1769 እ.ኤ.አ. እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ ውጭ ለሚያቀዘቅዘው ክፍል ፓተንት ነበረው። ሞተሩ ጎማ እንዲያዞር ግን ክራንክ ፈለገ፤ ምልልሱን ወደ ዙር የሚለውጥ ክፍል ማለት ነው። ክራንክን በእንፋሎት ሞተር ላይ የማዋል ፓተንት ደግሞ በ1780 ጄምስ ፒካርድ እጅ ገብቶ ነበር። ዋት አልተከራከረም። አንዱ ጥርሳም ጎማ በሌላው ዙሪያ የሚዞርበት ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ፤ የፒካርድን ችካል ዞሮ አለፈ። እናንተንም እንዲሁ ዞሮ የሚያልፍ አይጠፋም።

እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ቀድሞ የተሠራ እንዳለ ይፈልግ። ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ነፃ ናቸው፤ የሚፈጁት የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ተሠርቶ ባገኘውስ» ብሎ ፍለጋውን ይፈራል። ብታገኙት እኮ ሲሳይ ነው! ፓተንት የየአገሩ ነው፤ ዓለምን በአንድ ካርታ የሚሸፍን ፓተንት የለም። አሜሪካ ወይም ሕንድ ተመዝግቦ ኢትዮጵያ ያልተመዘገበን ፈጠራ እዚሁ ሠርቶ እዚሁ መሸጥ በፓተንት አያስጠይቅም። ሥዕሉና ማብራሪያው በነፃ ተቀምጧል። ጣጣው ወደ ውጭ ልላክ ስትሉ ነው።

ፍለጋው ካለፈና የናንተ ማሻሻያ ትንሽ ከሆነች፣ ሙሉ ፓተንት ላይ አትንጠልጠሉ። አዋጁ አነስተኛ ፈጠራ የሚለው አለ፤ የሚሰጠውም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ እየተሠራበት ከሆነ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ፓተንት የሚጠይቀው የፈጠራ ከፍታ፣ ማለትም ለሙያው ሰው እንዲሁ አለመገለጡ፣ እዚህ አይጠየቅም። አዳማ ብየዳ ቤቶች ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ ማሻሻያዎች ቦታቸው ይሄ ነው። ባለቤቶቻቸው ግን «አነስተኛ» ሲባሉ ይከፋቸዋል።

አሁን ወደ ምስጢሩ። «ለማንም እንዳትነግሩ» ያለው ሰው ሮለሩን ማን ቶርኖ ላይ እንዲያወጣለት ፈልጎ ነው? ያልተሠራ ማሽን የት ጋ እንደሚልጥ፣ የት ጋ እንደሚነክስ አይታወቅም፤ ያ ካልታወቀ ደግሞ ችካሉን የት እንደምትተክሉ አታውቁም። ስለዚህ ትናገራላችሁ፤ እየለያችሁ። ሮለሩን አንዱ ቶርኖ ቤት፣ ፍሬሙን ሌላ ብየዳ ቤት አሠሩ፤ ማስተካከያዋን ራሳችሁ ግጠሙ። ሙሉውን ለሚያይ ሰው፣ በተለይ ገንዘብ ላስገባ ለሚል፣ አንድ ገጽ የምስጢር መጠበቅ ውል አዘጋጁ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ከበየጁ ደብቀው ሲያበቁ ኤግዚቢሽን ላይ ቆመው ለካሜራ ዘዴውን ከነብሎኑ የሚያብራሩ ሰዎችን አይቻለሁ። ማመልከቻ ሳይገባ ለሕዝብ የወጣ ነገር አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። አሜሪካ ይፋ ካወጣችሁት በኋላ ለማመልከት የአንድ ዓመት እፎይታ ትሰጣለች፤ አውሮፓ ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይሰጥም። በእፎይታ አትመኩ።

ጽሑፉን በፖስታ አሽጎ ለራስ መላክ የሚባለውም ፈሊጥ አለ። ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ቀን ይመሰክራል። ማንንም አይከለክልም። የኤግዚቢሽን የምስጋና ወረቀትም ያው ነው፤ ግድግዳ ላይ ያምራል።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ተቀጣሪ ከሆናችሁና ፈጠራው የተቀጠራችሁበት ሥራ ውጤት ከሆነ፣ ውላችሁ ሌላ ካላለ በቀር ባለቤቱ አሠሪው ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የሥራ ውላችሁን አንብቡ። «አፕ ሠርቻለሁ፣ ፓተንት ጻፍልኝ» ለምትሉኝ ደግሞ፦ አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ አድርጎታል። እሱን የሚጠብቀው የቅጂ መብት ነው፤ የሚጠብቀውም የጻፋችሁትን ኮድ እንጂ «በስልክ ባጃጅ መጥራት» የሚለውን ሀሳብ አይደለም።

«ቻይና ገልብጣ ብታመጣውስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ያ አስተያየት ሰጪ ይህን ቢሰማ ደስ አይለውም። የእኛ አዋጅ ለባለ ፓተንቱ ዕቃውን ከውጭ የማስገባት ብቸኛ መብት አይሰጠውም። እዚህ ጎረቤት ብየዳ ቤት የሚሠራውን መከልከል ትችላላችሁ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ በኮንቴይነር የሚራገፈውን ግን በፓተንት ወረቀት ብቻ አታቆሙትም። እሱን የምትወዳደሩት በዋጋ ነው፤ ደግሞም ማሽኑ መከር ላይ ሲሰበር መለዋወጫ ይዛችሁ በዚያው ቀን መቂ በመድረስ ነው።