የስፖር አሻራ ምንድን ነው?

ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ትናንት ባዶ በነበረው ሣር ላይ የጅብ ጥላ ፈልቶ ይገኛል። ባለፈው ክረምት እኛ ግቢም እንዲሁ ሆነ። ሰሐን የሚያህል፣ ነጭ፣ አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያለው እንጉዳይ ነበር። ጎረቤታችን እማማ አንዱን ነቅለው ይዘውልኝ መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ በሱቅ ከሚሸጠው በምን ይለያል? ፍልሰታ ነው፣ ወጥ ልሠራው እንዴ?»

«እማማ፣ እስከ ነገ ጠዋት ይታገሡኝ። አሻራውን ላንሣው» አልኳቸው።

እንጉዳይ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ባቄላ ፍሬ የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል ብናኝ ነው። አንዷ ስፖር በጣም ደቃቅ ናት፤ ለብቻዋ በዓይን አትታይም። ባርኔጣ የመሰለውን አናቱን ገልብጣችሁ ብታዩ፣ ከሥሩ እንደ ብራና መጽሐፍ ገጾች ተጠጋግተው የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች ታያላችሁ። ስፖሩ የሚረግፈው ከእነሱ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ስፖር አንድ ቦታ ላይ ሲከማች ቀለሙ ይወጣል። ያ ወረቀት ላይ የሚቀረው ቀለም ነው የስፖር አሻራ የሚባለው። ግን እንደ ጣት አሻራ አንዱን ከአንዱ ነጥሎ አያሳይም። የሚነግራችሁ እንጉዳዩ የየትኛው ወገን ሊሆን እንደሚችል ነው።

ለምን አስፈለገ? የላይኛው መልክ ስለሚያታልል። ዝናብ ቅርፊቱን ያጥበዋል፣ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጠዋት እንቁላል የሚመስለው ማታ ጃንጥላ ይሆናል። የስፖሩ ቀለም ግን እንዲህ አይለዋወጥም።

አነሣሡ ቀላል ነው። በደንብ የተከፈተ ባርኔጣ ምረጡ። እግሩን ከባርኔጣው ሥር ቁረጡት፤ ግን አትጣሉት፣ በኋላ ይፈለጋል። ባርኔጣውን ቅጠሎቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነጭ ስፖር በነጭ ወረቀት ላይ አይታይማ። አናቱ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት። ነፋስ እንዳይገባው ጎድጓዳ ሳህን ድፉበት። አንዳንዱ በጥቂት ሰዓት ይሰጣል፣ ሌሊቱን ቢያድር ግን ይሻላል። ጠዋት ባርኔጣውን ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩት፣ አምፖል ያሳስታል።

እኔም እንዲሁ አድርጌ አሳደርኩት። ጠዋት ሳህኑን ሳነሣ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ጨረሮች በወረቀቱ ላይ ታትመዋል። ቀለሙ የደረቀ የጌሾ ቅጠል የመሰለ፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር።

አረንጓዴ አሻራ የሚሰጥ እንጉዳይ እጅግ ጥቂት ነው። ዋናው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ይባላል። በሞቃታማ አገሮች ሣር ላይ በብዛት ይበቅላል። የበላው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ይይዘዋል። ክፋቱ፣ ለጋ ሳለ ቅጠሎቹ ነጭ ናቸው፤ አረንጓዴው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ከሚበሉ ዘመዶቹ ጋር አንድ ይመስላል። እማማ የነቀሉትም ቅጠሎቹ ገና ነጭ ነበሩ። በዓይን ብቻ ብንሄድ ኖሮ ድስት ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሌሎቹም የየራሳቸው ቀለም አላቸው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የተለመደው እንጉዳይ አሻራው እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነው። በወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅለው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ነጭ ወይም ትንሽ ወይን ጠጅ ነካ ያለ ይሰጣል። እኔን በጣም የሚገርመኝ የኩይሳው ነው። ምስጦች ጎጇቸው ውስጥ ፈንገስ ያለማሉ፤ እንደ ገበሬ ማሳ ነው የሚንከባከቡት። ዝናብ ሲመጣ ከዚያ ጓሮ እንጉዳይ አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። እግሩ ረጅም ሥር መስሎ እስከ ምስጦቹ ቤት ድረስ ይወርዳል። ቅጠሎቹ ነጭ ናቸው፣ አሻራው ግን ሮዝ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አሻራ «ተው» ለማለት እንጂ «ብላ» ለማለት አይበቃም። ኦይስተር ነጭ አሻራ አለው ብለናል። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይም አሻራው ነጭ ነው። እሱን የሚያጋልጠው ሌላ ምልክት ነው። እግሩ ላይ ቀሚስ የመሰለ ቀለበት አለ፣ ከታች አፈር ውስጥ ደግሞ ከረጢት። ለዚህ ነው እግሩን አትጣሉ ያልኩት። ከመሬት ስታወጡትም አትቁረጡ፣ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነሥሩ አንሡት። ከረጢቱ አፈር ውስጥ ከቀረ ትልቁ ምስክር ቀረ ማለት ነው። ቀለበቱም በዝናብ ሊረግፍ ይችላል፤ ስለዚህ የለም ብላችሁ አትዘናጉ።

የዚህ እንጉዳይ መርዝ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይለቅም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ከዚያ ሰውየው ተሻለኝ ይላል። ውስጥ ውስጡን ግን ጉበቱ እየተጎዳ ነው። ማንም የጫካ እንጉዳይ በልቶ ካመመው «ተሻለኝ» ቢልም ሆስፒታል ውሰዱት፤ የተረፈውንም እንጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ብር ማንኪያ ካልጠቆረ ደህና ነው፣ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ከተቀቀለ ችግር የለውም፣ ከብት ከበላው ሰውም ይበላዋል ሲባል እሰማለሁ። አንዱም እውነት አይደለም። እባካችሁ በዚህ አትመኑ።

እማማ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ ሁሉ አቧራ ከዚያ ነጭ ነገር ወጣ?» አሉ። ያን ቀን ሽሮ ሠሩ። ወረቀቱን ቀንና ቦታ ጽፌበት ደብተር ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ግን በሬን ሲያንኳኩ በነጠላቸው ጫፍ ሌላ ይዘው ነበር፤ ከኩይሳ አጠገብ፣ ከነሥሩ ተቆፍሮ የወጣ።