ባዮሜዲካል ሳይንስ ምንድን ነው? ዶክተር ያደርጋል?

ለንደን ውስጥ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲቀዳ የማይቀር ጨዋታ አለ። "ልጄ ባዮሜዲካል ሳይንስ ደርሷታል። ያው ዶክተር መሆኗ ነው አይደል?" የእናትየው ፊት በደስታ ሲያበራ እያዩ "አይደለም እኮ፣ እትዬ" ማለት ይከብዳል። ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ከመስማት ዛሬ መስማት ይሻላል።

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታመም ምን እንደሚለወጥ፣ ለውጡም ከደም፣ ከሽንት ወይም ከሥጋ በተወሰደ ናሙና ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚጠናበት ትምህርት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት፣ ስኮትላንድ ደግሞ 4 ዓመት ይፈጃል። በሽተኛ ማከም አይማሩበትም። አገር ቤት ለዚህ የሚቀርበው የሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ነው። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ የሕክምና መሣሪያዎች ነገር ነው።

የላብራቶሪ ሥራ ናሙና ማሽን ውስጥ ከትቶ ቁጥር መቀበል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሌሊት ላይ የአንድ ሰውዬ የደም ውጤት ይመጣል። ፖታሲየሙ 12 ይላል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5.3 አካባቢ ነው። 12 ማለት ልብ ቀጥ ልትል የምትችልበት መጠን ነው። ባለሙያው ያንን ብቻ አይቶ አያበቃም፤ ካልሲየሙንም ያያል። ካልሲየሙ ወደ ዜሮ ተጠግቷል። ያኔ ነገሩ ይገለጥለታል።

ሐምራዊ ክዳን ያለው የደም መቅጃ ቲዩብ ውስጥ ኤዲቲኤ የሚባል የፖታሲየም ጨው አለ። ካልሲየምን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ያለ ካልሲየም ደም አይረጋምና ቲዩቡ ውስጥ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ደም የቀዳው ሰው ፖታሲየም የሚለካበት ሌላው ቲዩብ ሲጎድልበት ከሐምራዊው ገልብጦ ሞልቶታል። ስለዚህ የበዛው ፖታሲየም የሰውየው ሳይሆን የቲዩቡ ነው። ያ ውጤት አይወጣም። ወደ ዋርዱ ይደወላል፣ ደሙ እንደገና ይቀዳል። ቁጥሩ ዝም ተብሎ ቢላክ ኖሮ ፖታሲየሙ ደህና ለሆነ ሰው ፖታሲየም የሚቀንስ መድኃኒት ሊሰጠው ይችል ነበር። ይህን ያስቀረለት ማን እንደሆነ ሰውየው መቼም አያውቅም። እኔ ይህን ሙያ ከልቤ የማከብረው ለዚህ ነው።

ወደ ሕክምናውስ? መንገድ አለ። ብሪታንያ ውስጥ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የ4 ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ። ዎሪክና ስዋንሲ ከሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ናቸው። ጥሩ የዲግሪ ውጤት፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው ዩካት ወይም ጋምሳት የሚባለው የመግቢያ ፈተና፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅ ይጠብቃል። ፉክክሩ ከባድ ነው። በመደበኛው የ5 ዓመት ትምህርት እንደገና ልጀምር ለሚል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ ዲግሪ ያለው ሰው ለዚያ የመንግሥት የክፍያ ብድር አያገኝም። ይህን ብዙ ወላጅ የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሌላ ምንም ሳይሆን ሐኪም መሆን ብቻ ከፈለገች፣ ባዮሜዲካልን እንደ መጠበቂያ ክፍል ይዛ ሦስት ዓመት እንድትቆይ አልመክርም። አንድ ዓመት ታግሣ በቀጥታ ለሕክምና እንደገና ብታመለክት ይሻላል ባይ ነኝ። ላብራቶሪውን ከወደደችው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ላብራቶሪ ለመግባት ዲግሪው ብቻውን አይበቃም። "ባዮሜዲካል ሳይንቲስት" የሚለው ስም ብሪታንያ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ነው። ኤችሲፒሲ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች ተቆጣጣሪ ያልመዘገበው ሰው በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። ለመመዝገብ ዲግሪው አይቢኤምኤስ በሚባለው፣ ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቆየው የሙያ ማኅበር እውቅና ያገኘ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሥልጠና ለመስጠት በተፈቀደለት ላብራቶሪ እየሠሩ የሥልጠና መዝገብ መሙላትና መገምገም አለ። ሁሉም የባዮሜዲካል ዲግሪ እውቅናው የለውም። የሌለው ሰው ተጨማሪ ኮርሶች ውሰድ ሊባል ይችላል። ዩኒቨርሲቲውን ስትጎበኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ይሁን። ቀጥሎ ደግሞ "በትምህርቱ መሃል ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራበት ዓመት አለ ወይ?" በሉ። ያ ዓመት ያለው ተማሪ ሲመረቅ መዝገቡን ሞልቶ ሊወጣ ይችላል። የሌለው ግን የሚያሠለጥነው ላብራቶሪ ፍለጋ ከዜሮ ይጀምራል።

አገር ቤት ላብራቶሪ ተምራችሁ፣ ሠርታችሁ፣ አሁን ብሪታንያ ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ያላችሁም አላችሁ። ለእናንተም በሩ አልተዘጋም። ኤችሲፒሲ ከውጭ አገር ለተማሩ ባለሙያዎች የተለየ የማመልከቻ መንገድ አለው። የተማራችሁትንና የሠራችሁትን ከራሱ መስፈርት ጋር ያነጻጽራል። የኮርሶቻችሁን ዝርዝርና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ከአሁኑ ከአገር ቤት ማስመጣት ጀምሩ።