በቀለም አትለዩት፦ ስለ ቀንድ አውጣ ዛጎል የሰለቹኝ አባባሎች

በቴሌግራም የሚላክልኝ ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀንድ አውጣው ከጀርባው በኩል ተነስቷል። የዛጎሉ አፍ አይታይም። ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚያሳይ ነገር አጠገቡ የለም። የት እንደተገኘም አልተጻፈም። ከሥሩ ግን ጥያቄው አለ፦ «ይሄ ቢጫው ምን ዝርያ ነው? ባለ መስመሩስ?»

የምድር ቀንድ አውጣ ዛጎል ስለይ ነው የምውለው፤ በተለይ የሞቃት አገሮቹን። ስለዚህ ጥያቄው አይከፋኝም። የሚከፋኝ መልሱን የማይሰማው ሰው ነው። «ከቀለሙ ብቻ አይታወቅም» ስለው «እሺ፣ ግን ቢጫ ነው እኮ» ይለኛል። ቢጫ ነው። አይቻለሁ።

እስቲ ቀላል ቀላሎቹን አስቀድሜ ልገላገል።

«ቀንድ አውጣ ሲያድግ ዛጎሉን ጥሎ ሌላ ውስጥ ይገባል።» አይገባም። ባዶ ዛጎል እየፈለገ ቤት የሚቀያይረው አንድ የሸርጣን ዘመድ ነው፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ቀንድ አውጣ ከዛጎሉ ጋር በጡንቻ ተያይዟል። ሲያድግ አፉ ጠርዝ ላይ ይጨምርበታል እንጂ አይቀይረውም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ጥምዝ ከእንቁላል ሲወጣ ይዟት የወጣት ናት። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

«ጥምዙ ተቆጥሮ ዕድሜው ይታወቃል።» አይታወቅም። እድገቱ የሚወሰነው በምግብና በእርጥበት ነው። ድርቅ ሲመጣ አፉን በስስ ሽፋን ዘግቶ ይተኛል፤ ያኔ ምንም አይጨምርም።

«ዛጎል በሎሚ ሲታጠብ ያምራል።» ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሎሚም ኮምጣጤም ይበላዋል። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ዛጎል ጌጡ ሁሉ ተልጦ ነበር፤ ባለቤቱ «አጽድቼልህ ነው» አለኝ።

«የጓሮ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ያስይዛል።» አያስይዝም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው፤ እኛ አገር ቢዮምፋላሪያና ቡሊነስ የሚባሉት። ቢዮምፋላሪያ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ነው። ቡሊነስ ሾጠጥ ይላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ሞተው ያገኟቸውም የውሃዎቹን ነው። የጓሮው ቀንድ አውጣ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው። ሌላ ጣጣ ግን አለው፤ እደርስበታለሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ።

የሞቃት አገር ቀንድ አውጣ ቀለም ያታልላል። ምሥራቅ ኩባ፣ ባራኮዋ አካባቢ፣ ፖሊሚታ ፒክታ የሚባል አለ። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ቡናማው፣ ባለ ጥቁር መስመሩ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው። በውበቱ የተነሳ ለጌጥ ሲለቀም ኖሮ ዛሬ ዓለም አቀፍ ንግዱ ተከልክሏል። ፍሎሪዳም ውስጥ ሊጉስ ፋሺያተስ የሚባል የዛፍ ቀንድ አውጣ አለ። በረግረጉ መካከል ደሴት መስለው በቆሙ ጥቅጥቅ ያሉ ዛፎች ላይ ይኖራል። ሰብሳቢዎች ለቀለሙ ዓይነት ከ50 በላይ ስሞች አውጥተውለታል። ያ ሁሉ ስም ግን አንድ ዝርያ ነው። አንዳንዶቹ ሰብሳቢዎች ብርቅ ቀለም ከለቀሙ በኋላ ሌላ ሰው እንዳያገኝ ዛፉን ያቃጥሉ ነበር ይባላል። ለቀለም ሲባል!

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሊሚኮላሪያ የሚባለው ረዘም ያለ ቀንድ አውጣ በእኛም አገር አለ። ዴኒስ ኦወን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ የዚሁን ዘመድ፣ ሊሚኮላሪያ ማርቴንሲያናን፣ አጥንቶ ነበር። ባለ መስመሩና መስመር የሌለው አንድ ቦታ አብረው ይኖራሉ። ተጨናንቀው በሚኖሩበት ቦታ የቀለሙ ዓይነት ይበዛል። ሳሳ ባሉበት ቦታ ደግሞ አብዛኞቹ ባለ መስመር ናቸው። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ከአዳኝ ጋር የተያያዘ ነው። ወፍ የለመደችውን መልክ ነው የምትፈልገው፤ ስለዚህ የተለየ ቀለም ያለው ይተርፋል። ቀለሙ መለያየቱ ራሱ ይጠቅማቸዋል ማለት ነው። እናንተ ዝርያ የምትሉት ልዩነት ወንድማማቾችን ከመበላት የሚያድን ሊሆን ይችላል።

አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ነግሬው ሳለ ካንድ አጥር ሥር የለቀመውን ሊሚኮላሪያ በመስመሩ ስፋት ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን በየላስቲኩ አድርጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ አመጣልኝ። ልፋቱ ያሳዝናል። ላስቲኮቹን ገልብጬ አንድ ላይ ቀላቀልኳቸው። ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አትጠይቁኝ።

ደግሞ ባዶ ዛጎል ፀሐይ ሲመታው ላዩ ያለው ስስ ሽፋን ይላጣል፣ ነጭ ይሆናል። «ነጭ ዝርያ አገኘሁ» የሚለው መልእክት ሁልጊዜ የሚመጣው በበጋ ነው። የገላው ቀለምም ቢሆን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ ብቅ ያለው የአፍሪካ ግዙፍ ቀንድ አውጣ ገላው ነጣ ያለ ነበር። ከዚያ በፊት የታወቀው ግራጫ ቡናማ ነው። ዝርያው ግን ያው ነው።

ታዲያ ምን ይታይ? አፉና መሃሉ። ዛጎሉን አፉ ወደ እናንተ እንዲዞር አድርጋችሁ ያዙት። በውስጥ በኩል ጥምዙ የሚዞርበት ምሰሶ አለ። የምሰሶው የታችኛው ጫፍ በድንገት ተቆርጦ ከቀረ የግዙፎቹ፣ የአካቲና ወገን ነው። ሳይቆረጥ ወርዶ ከአፉ ከንፈር ጋር ከተቀላቀለ ሊሚኮላሪያን ጠርጥሩ። ይህች አንዲት ምልክት ከመስመሩ ሁሉ ትበልጣለች። የምሰሶው ቀለም ግን ይጠቅማል፤ አዎ፣ እዚህ ላይ ቀለም ፈቅጄላችኋለሁ። የምሥራቅ አፍሪካው ግዙፍ ፉሊካ ምሰሶው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። የቅርብ ዘመዱ ኢማኩላታ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ያደርገዋል።

ከዚያ ጫፉን ተመልከቱ። ያቺ ከእንቁላል ጋር የወጣች ጥምዝ ናት። የምዕራብ አፍሪካው አርካካቲና ማርጂናታ ጫፉ ወፍራምና ድፍን ነው። የፉሊካ ጫፍ ሾጠጥ ይላል። ሌላው ቀርቶ የልጁን ዛጎል ከአዋቂው ጋር ለማዛመድም ይህ ይረዳል። ብዙ «አዲስ ዝርያ» የሚባለው ልጅ እግር ግዙፍ ነው። ብዙ ቀንድ አውጣ ሲጎለምስ የአፉን ከንፈር ያወፍራል፣ ወደ ውጭም ይመልሳል። ግዙፎቹ ግን አዋቂም ሆነው ከንፈራቸው ስስ ነው፤ ስለዚህ በተለይ እነሱ ላይ መጠንቀቅ አለባችሁ።

«ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ቀንድ አውጣ ብርቅ ነው፣ በውድ ይሸጣል።» በአብዛኛው ዝርያ ወደ ቀኝ መዞር የተለመደ ነው፣ እውነት። ግን ቡሊነስ ሁሌም ወደ ግራ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አምፊድሮመስ ከሚባሉት አንዳንዶቹ በአንድ ዛፍ ላይ ግራውም ቀኙም አብረው ይኖራሉ። ሞሪያ በምትባለው የፓሲፊክ ደሴት የነበረው ፓርቱላ ሱቱራሊስም ሁለቱም ነበሩት። አዙሪቱን የሚወስነው ደግሞ የእናቲቱ ዘር ነው እንጂ የራሱ አይደለም። ስለዚህ በአዙሪት ብቻ ዝርያ አይለይም። ለየሁ ካላችሁም መጀመሪያ ካሜራችሁን ተመልከቱ። አንድ ሰው «የግራ ቀንድ አውጣ አገኘሁ» ብሎ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀኝ። ከኋላ ያለው የውሃ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ነበር። በስልኩ የፊት ካሜራ ነው ያነሳው!

ፓርቱላን ካነሳን አይቀር፣ እሱን ያጠፋው አንድ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ግዙፉን ፉሊካ ይበላልናል ተብሎ ሞሪያ ላይ ተለቀቀ። ግዙፉን ትቶ የአገሬውን ፓርቱላ በላ። በ10 ዓመት ውስጥ የሞሪያ ፓርቱላ ከዱር ጠፋ።

አሁን ደግሞ ወጣት ባልደረቦቼ የሚሉት፦ «ዛጎል ዋጋ የለውም፣ ዲኤንኤ ብቻ ነው።» ይሄም ያናድደኛል። ዛጎል ያታልላል፣ አልክድም። ካሪቢያን ላይ ሴሪዮን ለሚባለው ቀንድ አውጣ ዛጎል እያዩ 600 ገደማ ስሞች አውጥተውለታል። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ስቲቨን ጄይ ጉልድ ደጋግሞ ሄዶ ሲያጠናው ብዙዎቹ ስሞች የአንድ ነገር መልኮች እንደሆኑ አሳየ። ዛጎሉ ጨርሶ ሊጠፋ ምንም ያልቀረው ቀንድ አውጣም አለ፤ እሱን በዛጎል መለየት ከንቱ ነው፣ የመራቢያ አካሉ ተከፍቶ ይታያል። ነገር ግን ጉሌላ የሚባሉትን የአፍሪካ ሥጋ በል ደቃቆች ውሰዱ። ብዙዎቹ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ናቸው። አፋቸው ውስጥ ጥርስ የሚመስሉ እብጠቶች አሉ፤ ቁጥራቸውና አቀማመጣቸው ዝርያን ይለያል። ድሮ የተሰየሙት ዝርያዎች ስማቸው የወጣበት መለኪያ ናሙናም በአብዛኛው በየሙዚየሙ መሳቢያ ያለው ባዶ ዛጎል ነው። ዲኤንኤህን አውጥተህ ከምን ጋር ልታነጻጽር ነው?

እንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝ ሦስት አድርጉት። አንድ አፉ ወደ ፊት፣ ጫፉ ወደ ላይ። አንድ ከጫፉ በላይ። አንድ ከሥር፣ እምብርቱ (ከሥር በጥምዙ መሃል ያለችው ቀዳዳ) ክፍት ይሁን ዝግ እንዲታይ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። ማስመሪያ ከሌለ ሳንቲም። ቦታውንና ከፍታውን ጻፉ፤ ዛፍ ላይ ነው፣ ድንጋይ ሥር ነው፣ የወደቀ ቅጠል ውስጥ ነው? ደቃቆቹን ከፈለጋችሁ የወደቀውን ቅጠል በወንፊት ንፉት። በዓይን ከምታዩት በላይ እዚያ ውስጥ አለ። ገላው ያለበት ናሙና ከተፈለገ መጀመሪያ ክዳን ባለው ዕቃ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ተዘርግቶ ይሞታል፤ ከዚያ ኤታኖል ውስጥ አስገቡት። ፎርማሊን አይሆንም፣ ዲኤንኤውን ያበላሻል፣ ዛጎሉንም ይበላል። ደረቅ ዛጎል ደግሞ አሲድ በሌለው ካርቶን ወይም በፕላስቲክ ይቀመጥ። ከአንዳንድ እንጨት የሚወጣው አሲድ ቀስ በቀስ ዱቄት ያደርገዋል።

ያ ቅድም ያልኩት ጣጣ፦ ግዙፉ ቀንድ አውጣ የአይጥ ሳንባ ትል የሚባል ጥገኛ ሊሸከም ይችላል። ወደ ሰው ከገባ የአንጎል ሽፋንን ያስቆጣል። በባዶ እጅ አታንሱት። ጓንት ከሌለ በላስቲክ ያዙት፣ ልጆችም አይጫወቱበት፣ እጃችሁንም ወዲያው በሳሙና ታጠቡ።