ኩላሊት እጥበት ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ የአንዲት ወጣት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እርዳታ እየጠየቀ አለፈ። «ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል፤ የኩላሊት እጥበት ገንዘቡ ከሞላ እህታችን ትድናለች!» ይላል። ከኋላዬ የቆሙ ጎልማሳ «ይህችን ልጅ አምና አዋጥተን አሳጥበናት አልነበር? አሁን ደግሞ ምን ቀራት?» አሉ። ይህን የሰማች አንዲት ሴት ወደ ቦርሳዋ የሰደደችውን እጅ ባዶውን መለሰች። መልስ ልሰጥ ስል ታክሲው መጣ።

የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። ያችን የተመለሰች እጅ መርሳት አልቻልኩም። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ያሳሳታቸው ቃሉ ነው።

ጋሼ፣ በኩላሊት እጥበት ኩላሊት አይታጠብም። ማሽኑ ኩላሊቷ አጠገብ አይደርስም። የሚታጠበው ደሟ ነው፤ በአንድ መርፌ ከክንዷ ይወጣል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ በሌላ መርፌ ይመለሳል። የታመመው ኩላሊት በገባበት ሁኔታ ይወጣል።

ጎጃም ያደገ ሰው ግብጦ የሚባለው መራራ ጥራጥሬ እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። ተቆልቶ በጆንያ ይታሰርና ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ፍሬው ከጆንያው አይወጣም፣ ምሬቱ ግን በውሃው ይሄዳል። ውሃው የቆመ ከሆነ ራሱ ይመርና ከፍሬው ሌላ ምሬት መቀበል ያቅተዋል፤ ወራጅ ውሃ የሚፈለገው ለዚህ ነው። የእኛም ማሽን ሥራ ይኸው ነው። ማጣሪያው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ በሺህ የሚቆጠሩ ቱቦዎች አሉ፤ እነሱ ጆንያው ናቸው። የደም ሴሎች እንደ ፍሬው ውስጥ ይቀራሉ፣ ዩሪያ የሚባለው የሰውነት ቆሻሻና ትርፉ ፖታሲየም እንደ ምሬቱ ይወጣሉ። ከቱቦዎቹ ውጭ እንደ ወራጁ ውሃ የሚፈሰው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ማሽኑን ሲሠራ፣ ጆንያ ያደረገው የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፋን ነበር።

ግብጦና ደም የሚለያዩት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ግብጦ አንዴ ምሬቱ ከለቀቀው ተመልሶ አይመርም። ደም ግን ተመልሶ ይመርራል። ልጅቷ ከአልጋው ወርዳ ቤቷ ሳትደርስ ቆሻሻው እንደገና መጠራቀም ጀምሯል። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168ቱንም ሰዓት ይሠራል። እኛ በተለመደው ሥርዓት 3 ጊዜ፣ በየዙሩ 4 ሰዓት፣ በጠቅላላው 12 ሰዓት ነው የምንሠራላት። በዓመት 156 ዙር ማለት ነው። «አምና ታጥባ አልነበር?» ማለት «አምና በልታ አልነበር?» ከማለት አይለይም።

«እገሌ 5 ጊዜ ታጥቦ ድኗል» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። በከባድ ተቅማጥ፣ በወሊድ ደም መፍሰስ ወይም በወባ ኩላሊታቸው በድንገት የተጎዳ ሰዎች ጥቂት ዙር ታጥበው ማሽኑን የሚሰናበቱበት ጊዜ አለ። እነሱንም ቢሆን እጥበቱ በሕይወት አቆያቸው እንጂ ያገገመው ኩላሊታቸው ራሱ ነው። በስኳር ወይም በደም ግፊት ለዓመታት ተጎድቶ የደከመ ኩላሊት ግን አይመለስም። ሌላም አለ፤ ደም እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ኩላሊት ነው፣ ማሽኑ ይህን አይተካም። ስለዚህ ሆርሞኑ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ለብቻው ይገዛል፤ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ብዙ ጊዜ ይህንን ሳያስቡት ይቀራሉ።

የተዋጣው ገንዘብ ሲመናመን ምን እንደሚሆን እኛ ሚዛኑ ላይ እናየዋለን። 3ቱ ዙር 2 ይሆናል፣ ከዚያ 1። አንዲት ታካሚያችን ከሳምንት በኋላ ስትመጣ 6 ኪሎ ጨምራ ነበር። ሁሉም ውሃ ነው። ጫማዋ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ መጣች፤ ስትተኛ ስለሚያፍናት ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር ያደረችው። እናቷ «ሰው ሰለቸን» አሉኝ።

ሰው የሰለቸው የተነገረው ስላልሆነለት ነው። ትድናለች ተብሎ ሰጠ፣ አልዳነችም፣ ተታለልኩ አለ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ባነሩ ላይ «በሳምንት 3 ጊዜ፣ ንቅለ ተከላ እስክታገኝ ድረስ» ብላችሁ ጻፉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ከእሱም በኋላ ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጠላው በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ እሱም ይጻፍ። አንድ ቀን ብዙ ከሚሰጡ ሰዎች ይልቅ በየወሩ ጥቂት የሚሰጡ 50 ሰዎች ፈልጉ፤ እንደ ዕቁብ ስማቸው ይመዝገብ፣ የታጠበችበት ደረሰኝ በየወሩ ይድረሳቸው።

ገንዘብ የምትሰበስቡበት ጠረጴዛ ላይም የደም ግፊት መለኪያ አስቀምጡ፣ የሚለካ የጤና ባለሙያም አይታጣም። ከሚሰጡት መካከል ግፊቱ ከፍ ብሎ ሳለ አንዳች የማይሰማው ሰው ይኖራል።