ሶፍ ዑመር ዋሻ፦ ከልጆች ጋር ለሚጎበኙ

የሶፍ ዑመር ዋሻ በባሌ፣ ከሮቤ ከተማ በስተምሥራቅ ርቆ ይገኛል። የሚኬደው በጎሮ ከተማ በኩል ነው። የውስጥ መተላለፊያዎቹ ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአገራችን ይህን የሚያህል ዋሻ አይታወቅም።

የሠራው የዌይብ ወንዝ ነው። ከባሌ ተራሮች ተነስቶ ቆላ ሲወርድ አዬው ማኮ በሚባለው በር ይገባል። ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሆሉቃ በሚባለው መውጫ ብቅ ይላል። መሃል ያለውን የኖራ ድንጋይ ስንት ዘመን ሲበላው ኖሯል። ልጆች «ማን ቆፈረው?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ እዚያው እግራቸው ሥር ይፈስሳል። የዓምዶች አዳራሽ ሲደርሱ ደግሞ ነገሩ ፍንትው ይላል። 20 ሜትር ገደማ የሚረዝሙት ምሰሶዎች በሰው እጅ የቆሙ አይደሉም። ዙሪያቸውን ውሃ ጠርቦ ሲወስደው የቀሩ ናቸው። ባትሪውን ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማብራት ነው፤ ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይከተሉታል።

ዋሻው ስሙን ያገኘው ከታላቁ የሃይማኖት አባት ከሼህ ሶፍ ዑመር አህመድ ነው። ዋሻውን መስጊድ አድርገውት እንደነበር ይነገራል። ዘመናቸውን አንዳንዶች 11ኛው፣ ሌሎች 12ኛው ክፍለ ዘመን ይሉታል። ከእስልምና በፊትም ኦሮሞዎች ዋሻውን ያከብሩት ነበር።

በእ.ኤ.አ. 1972 የእንግሊዝ የዋሻ አጥኚዎች ለክተው ካርታውን አነሱ። በእ.ኤ.አ. 2011 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ሰፈረ። ዋናው መዝገብም ይገባዋል።

ከልጆች ጋር ለመሄድ ዋናው ጉዳይ ወቅቱ ነው። ወንዙ ውስጥ ለውስጥ ስለሚያልፍ በዝናብ ጊዜ ይሞላል፤ ያኔ መግባት የማይታሰብ ነው። ደጁ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። ስለዚህ በጋ ተመርጦ፣ የወንዙን ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢው አስጎብኚ ተይዞ ነው የሚገባው። «ዛሬ አይሆንም» ካለ፣ ከሩቅ መጥተናል ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ግድ ነው። ለትንንሾች ይሄ ይከብዳል። ደረቅ የሆነውን ክፍል አይቶ መመለስ ይበቃቸዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ባትሪ፣ የማያንሸራትት ጫማና የሚቀየር ልብስ ይያዝለት። ቦታው ለብዙዎች የጸሎት ስፍራ ነው፤ ጫማ አውልቁ ከተባለ ይወለቃል። የሌሊት ወፎቹ ላይ መጮህና ባትሪ መደገንም ክልክል መሆኑን ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ይነገራቸው።