ትንሿ ካሜራ ወሎ ላይ፦ የሚወራው እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ስትመጣ ለእናቷ ካሜራ ይዛ መጣች። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ብርማ ቀለም ያላት፣ ሲያበሯት ሌንሷ ወጣ፣ ሲያጠፏት ግብት የሚል። ሳጥኗ ላይ በትልቁ «20 ሜጋፒክስል» ይላል፤ ከጎኑ «8 እጥፍ ዙም»። አክስቴ ሳጥኑን እንደ ሰርተፊኬት ቡፌው ላይ አቆሙት። ካሜራዋን ግን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ከስልክህ ትሻል እንደሆን እስቲ ሞክራት» አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል ይዣት ዞርኩ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅ፣ አንዴም ላሊበላ። በየሄድኩበት ስለ ካሜራ አንድ ነገር የማይል ሰው የለም። ከሚባለው ግማሹ ልክ ነው። እዚህ የጻፍኩት ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

«20 ሜጋፒክስል ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ሜጋፒክስል ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው መቁጠሪያ ነው። ስለ ነጥቦቹ ጥራት ግን ምንም አይናገርም። ጤፍ በቁና ስትለኩ ማኛ ይሁን ሰርገኛ ቁናው አይነግራችሁም። ይሄም እንደዚያ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ፎቶ ቤት የምናሳጥበው 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ እንዲታተም 2 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃዋል። ሙሉ ኤ4 ወረቀት 9 ሚሊዮን ገደማ ይፈልጋል። ቴሌግራም ደግሞ «ፋይል» ብላችሁ ካልላካችሁት በቀር ፎቶውን አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። ከ20ው አብዛኛው ሥራው ሜሞሪ ማጣበብ ነው ማለት ይቻላል።

ወሳኙ ሴንሰሩ ነው፤ ከሌንሱ ኋላ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው። በርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የትንሽ ጣት ጥፍር አያክልም። ሠርግ አንሺዎች አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት «ፉል ፍሬም» ካሜራ ውስጥ ያለው 36 በ24 ነው፤ በስፋት ወደ 30 እጥፍ ይሆናል። በመሃል «1 ኢንች» የሚሉት አለ፣ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር። ሶኒ በፈረንጆቹ 2012 አርኤክስ100 የተባለውን ሲያወጣ ኪስ ካሜራ ውስጥ የከተተው ይህንን ነው። የሱም ሜጋፒክስል 20 ነው። በሳጥን ካወዳደራችሁት ከአክስቴ ካሜራ ጋር እኩያ ነው። ማታ ላይ ግን አይተዋወቁም።

ክረምት ላይ አሸንዳ ስር ሲኒ እና ባልዲ ጎን ለጎን ደቅኑ። ዝናቡ አንድ ነው፤ የሚጠራቀመው ግን ለየቅል። የትንሿ ካሜራ ሴንሰር ሲኒው ነው። በሲኒ የተጠራቀመችውን ደግሞ ለ20 ሚሊዮን ነጥብ ማካፈል አለባት። አክስቴ ቤት ማታ ቡና ሲፈላ በአንድ አምፖል ብርሃን ያነሳሁት ፎቶ ጀበናውም፣ ረከቦቱም፣ የአክስቴም ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀን በፀሐይ ያነሳሁት የጦሳ ተራራ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ክፈፍ አስገብቶ ሳሎን ቢሰቅሉት አያሳፍርም። ብርሃን ሲኖር ሲኒውም ይሞላል።

«8 እጥፍ ዙም 8 ጊዜ አቅርቦ ያሳያል»

አያሳይም። ሌንስ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ሚሊሜትሩ ሲበዛ የራቀውን ያቀርባል። የእጥፉ ቁጥር የሌንሱ ረጅሙ ጫፍ ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ለምሳሌ የካኖን ኢክሰስ 185 ከ28 እስከ 224 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 224 ለ28 ሲካፈል 8። ዓይናችን የሚያየውን ያህል ያሳያል የሚባለው ወደ 50 ሚሊሜትር የሚጠጋው ነው። ስለዚህ ከዓይናችሁ ጋር ሲተያይ የሚያቀርበው አራት ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ደግሞ ከ26 የሚነሳ ባለ 5 እጥፍ 130 ላይ ይቆማል፤ ከ35 የሚነሳ ባለ 4 እጥፍ 140 ይደርሳል። ትንሹ ቁጥር ራቅ አለ ማለት ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት እጥፍ ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው። ሌንሱ ዙሪያ ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን የካሜራው የራሱ መለኪያ ስለሆነ ወደ 35 ሚሊሜትር ፊልም መለኪያ የተመለሰውን መግለጫው ላይ ፈልጉ።

ሌላ ጉድ አለ። ዙሙ ሲረዝም የሌንሱ ቀዳዳ ከርዝመቱ አንጻር ይጠባል። መለኪያው ኤፍ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ኢክሰስ 185 በአጭሩ ጫፍ ኤፍ 3.2፣ በረጅሙ ኤፍ 6.9 ነው። ይህ የሚገባውን ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። ሐይቅ ዳር ማምሻውን ወፍ ላነሳ ዙሙን ጫፍ ድረስ ሳብኩት። እጄም ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ብርሃኑም አነሰ። ወፏ ብዥ ብላ ወጣች፤ ዳክዬ ትሁን ሌላ የሚለይ ከተገኘ ይንገረኝ። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት፣ ክንዴን አጥር ላይ አስደግፌ፣ ያው ካሜራ ላባዋን ለይቶ አወጣው።

ዲጂታል ዙም የሚባለውን አትቁጠሩት። ያነሳችሁትን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ እቤት ሄዳችሁም ታደርጉታላችሁ። ከሜኑው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ነው።

«ካሜራ ካሜራ ነው፤ ከስልክ ይበልጣል»

ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ስልኮች ዋና ካሜራቸው ውስጥ ያለው ሴንሰር ከአክስቴ ካሜራ ጋር እኩል ነው ወይም ይበልጣል። ሌንሳቸውም ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ዋናው ልዩነት ግን ጭንቅላታቸው ላይ ነው። ስልኩ ማታ ላይ በአንድ ንካታ ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ ደርቦ፣ ያንን አሸዋ አጥቦ ያወጣል። ርካሿ ካሜራ አንድ አንስታ ያየችውን ትሰጣችኋለች። ቪዲዮም ላይ ከእነዚህ ካሜራዎች ብዙዎቹ 720 በሚባለው ዝቅ ያለ ጥራት ላይ ይቆማሉ። ማታ እና ቪዲዮ ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ታዲያ ለምን ትገዛለች? ለዙሙ። ርካሽ ስልክ ራቅ ያለን ነገር የሚያቀርበው ምስሉን ቆርጦ በመለጠጥ ነው፤ ትንሿ ካሜራ ግን እውነተኛ የዙም ሌንስ አላት። ሌላው ሰዎች የማይቆጥሩት ጥቅም አለ። ለአክስቴ ስልክ ማለት የጅዳዋ ልጃቸው የምትደውልበት ነው። ባትሪው በፎቶ እንዲያልቅ አይፈልጉም፤ ልጆች እንዲነካኩትም አይፈቅዱም። ካሜራዋን ግን የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ይዟት ሰፈር ሲዞር «አብሽር፣ ይልመድ» ነው የሚሉት።

«ፍላሽ የማታ ነው»

እኔ በተቃራኒው ነው የምለው፤ ርካሽ ካሜራ ላይ ፍላሽ ይበልጥ የሚጠቅመው ቀን ነው።

ባቲ ለሙዚቃ ሰው ቅኝት ነው። ለእኔ የሰኞ ገበያ ነው። ከአፋር ቆላ ግመሉ፣ ከደጋው እህሉ የሚገናኝበት። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አንድ የግመል ነጋዴ አስፈቅጄ አነሳሁ። ጥምጣማቸው ግንባራቸው ላይ ጥላ ጥሎ ዓይናቸው ሁለት ጉድጓድ ሆነ። ካሜራዋ «አውቶ» ላይ ስለነበረች ብርሃን ሞልቷል ብላ ፍላሹን አላበራችም። የመብረቅ ምልክቷን መርጬ ፍላሹ በግድ እንዲበራ አደረግኩና ሁለት ሜትር ያህል ቀርቤ ደገምኩት። ጥላው ሳሳ፣ ዓይናቸው ውስጥ ብርሃን ገባ። ፎቶውን ሳሳያቸው መጀመሪያ ያዩት ግመላቸውን ነው፤ እሷም አምሮባት ነበር።

ማታስ? የነዚህ ካሜራዎች ፍላሽ የሚደርሰው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሠርግ ዳስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሙሽራዋ ላይ ፍላሽ የሚያበራ ሰው የሚያደምቀው የፊተኛውን ወንበር ሰው ማጅራት ነው።

«ካሜራው የፈረንጅ ስለሆነ እኛን ያጠቁራል»

ይህን ላሊበላ ላይ ሰማሁት። ለገና አንድ ጓደኛዬ ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። ቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ካህናቱ በነጭ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ይላሉ፤ ከታችም ሕዝቡ ነጭ በነጭ ነው። አጠገቤ የነበረ ልጅ ካነሳው ሁሉ ፊት የሚለይ የለም። ተናደደ።

የካሜራ ታሪክ ከጠቆረ ቆዳ ጋር ንጹሕ አይደለም፤ በፊልሙ ዘመን የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ላይ ለረጅም ጊዜ የነበሩት ነጭ ሴቶች ናቸው። የዚያን ቀን ጥፋተኛው ግን ነጠላው ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ነጭ ሲበዛበት «በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ጥቁር። የጥቁር ልብስ ብዛት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

መፍትሔው አንዲት ቁልፍ ናት። የመደመር እና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ፈልጉ፣ ወደ +0.7 ወይም +1 ውሰዷት። ነጩ ትንሽ ይፍጠጥ፤ ነጠላ ነው፣ ሰው የሚፈልገው ፊቱን ነው። ካሜራ ስትገዙ ይህች ቁልፍ መኖሯን እዩ። እኔን ቢጠይቁኝ ከአራት ሚሊዮን ነጥብ ትበልጣለች።

«ቀርፋፋ ናት፤ ልጁ ከዘለለ በኋላ ነው የምታነሳው»

አንድ ጊዜ እምቅ አድርገው ስለሚጫኗት ነው። ቁልፏን ግማሽ ድረስ ብቻ ተጭናችሁ ያዙ፤ ካሜራዋ ታነጣጥራለች፣ ትንሽ ካሬ አረንጓዴ ይሆናል። ልጁ ሲዘል ቀሪውን ግማሽ ተጫኑ። አለቀ።

«ውሃ ገባባት»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በጠዋት ጉም ውስጥ የቀዘቀዘች ካሜራ ይዛችሁ ወርዳችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ስታወጧት ሌንሷ ላይ ላብ ይወርዳል። እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ማለት ነው። አልተበላሸችም። ከመውረዳችሁ በፊት ፌስታል ውስጥ ቋጥሯት፣ ታች ሙቀቱን እስክትለምድ አትክፈቱ። ከውሃ ይልቅ አቧራ ፍሩላት። የሚወጣ የሚገባ ሌንስ የቆቦን አቧራ ይዞ ከገባ፣ ፈትቶ የሚያጸዳላችሁ አታገኙም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱበት፤ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ አመስግናችሁ መልሱ።

«ሜሞሪው በተለቀ ቁጥር ይሻላል»

እስከ 2 ጊጋ ያለው አንድ ዓይነት ነው፣ ከዚያ እስከ 32 ጊጋ ያለው ሌላ፣ ከ32 በላይ ያለው ደግሞ ሌላ። ከፈረንጆቹ 2009 በፊት የተሠሩ ካሜራዎች ከ32 በላይ ያለውን አያነቡትም። አሁን ልጆቹ የድሮ ካሜራ ፎቶ «ቫይቡ ይለያል» እያሉ ከመሳቢያ እያወጡ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ቫይቡን አልክድም፤ ቆዳ ላይ የሚያመጡት ሞቅ ያለ ቀለም አንዳንዴ ያምራል። ግን ባትሪው ገበያ ላይ መኖሩን ሳትጠይቁ አትግዙ። ሜሞሪም ላይ ፎርጅዱ ብዙ ነው፤ 64 ብሎ ጽፎ 8 የሚይዝ። ገዝታችሁ ጢም እስኪል ሞልታችሁ ሁሉም መከፈቱን እዩ፣ ከሠርግ በፊት እንጂ ከሠርግ በኋላ አይደለም።

«ቀኑን በእኛ ሞልተህ ስጠኝ»

የመጨረሻው የአክስቴ ነው። ፎቶው ጥግ ላይ ቀን እንዲታተም ፈለጉ፣ በሐበሻ አቆጣጠር። ሰዓቱን በእኛ መሙላት ይቻላል፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቀኑ ግን አይሆንም አልኳቸው። ካሜራዋ 13ኛ ወር አታውቅም፤ ጳጉሜን የላትም። ዓመቱንም በእኛ ከሞላነው ኮምፒውተር ላይ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ከተነሱት ጋር ይደባለቃል። ደግሞ አንዴ ፎቶው ላይ የታተመ ቀን አይነሳም፤ ይቅርብዎት አልኳቸው።

አልሰሙኝም። የልጃቸው ኒካህ ጥቅምት 30 ነበርና ራሳቸው ተቀምጠው ይነካኩ ጀመር። 30፣ ቀጥሎ ወር 2። ካሜራዋ 28 ላይ መልሳ ታቆማለች። እንደገና 30። እንደገና 28። ለእሷ 2 ማለት ፌብሩዋሪ ነው። አክስቴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ፈረንጅ ጥቅምት ሠላሳ ቀን ማንም አያገባም ማለት ነው?»